የዓሣው ፓምፕ በሰዓት ስንት ሊትር ይግፋ?

ያለፈው ጊዜ ስንገናኝ ሦስት እህቶች ስለ ዓሣ ሳጥን ጠይቀውኝ ነበር። አንዷ «መዳም አዲስ ፓምፕ አስገዝታ ዓሣዎቹ ጥግ ይዘው ቀሩ» አለችኝ። ሌላዋ «ውኃው ንጹሕ ነው፣ ዓሣው ግን በየሳምንቱ ይሞታል፣ ኃጢአቱ እኔ ላይ ነው» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ፓምፑን ስትነካ እጇን ነዝሯታል። በስልክ አስረድቼ የማልጨርሰው ነገር ስለሆነ ለሁላችንም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ አንብቡት፣ ትንሽ ሒሳብ አለበት። ሒሳቡ ግን ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ

እኔ የምሠራው እዚህ ደማም፣ አል ሻጢእ ሰፈር ነው። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሜትር የሚረዝም የዓሣ ሳጥን አለ። ድሮ ከሱቅ ሰው እየመጣ ያጸዳው ነበር፤ ኋላ ቀረና መዳም «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው» አለችኝ። በቃ። ማንም ምንም አላሳየኝም።

እኔም ቤት እንደማጸዳው አጸዳሁት። ከታች ካለው ሳጥን ስፖንጁንና ነጫጭ ቀለበቶቹን አውጥቼ በፈላ ውኃ ዘፈዘፍኩ፣ በረኪና ጨመርኩበት፣ አሸሁት፣ አጠብኩት። ስፖንጁ አዲስ መሰለ። መዳምም አመሰገነችኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። በሳምንቱ ከ14ቱ 9ኙ ሞቱ። ትንሹ ልጅ አለቀሰ፣ እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከወሩ ደመወዜም 150 ሪያል ተያዘ።

ምን አጠፋሁ? ቆሻሻ አልተውኩም። ጥፋቴ እርሾውን መድፋቴ ነው። እስቲ በደንብ እንየው።

1ኛ. ስፖንጁ ውስጥ ያለው እርሾ

ዓሣ ይበላል፣ ያወጣል። ከጉንጩ ሥር ባለው ስንጥቅ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በወንዝና በሐይቅ ውኃው ብዙ ስለሆነ መርዙ ይበተናል። በሳጥን ውስጥ ግን ዓሣው የሚተነፍሰው የራሱን ሽንት ነው ማለት ይቻላል። ውኃው እንደ መስታወት ጥርት ብሎም መርዝ ሊሞላበት ይችላል፤ አሞኒያ በዓይን አይታይም።

ይህንን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይኼ በጣም ካልበዛ ዓሣውን ብዙም አይጎዳውም፣ በየሳምንቱ ውኃ ስንቀይር ይወጣል። በትምህርት ቤት በባዮሎጂ የናይትሮጂን ዑደት ብለን የተማርነው ነው። ከማሳ ውስጥ የሚሠራው ሥራ እዚህ ስፖንጅ ውስጥ ይሠራል።

ይህ ነገር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነው። ቪኖግራድስኪ የሚባል ሩሲያዊ ሳይንቲስት ባክቴሪያዎቹን ለይቶ አሳየ። ናይትራይቱን የሚበላው ናይትሮባክተር ነው እየተባለ ለብዙ ዘመን ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን በዓሣ ሳጥን ማጣሪያ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ናይትሮስፓይራ የሚባለው መሆኑ ታየ። በ2015 ደግሞ ከናይትሮስፓይራ ወገን ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚጨርስ ተገኘ፤ አንደኛው የተገኘው ከዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነው። ስሙን ብትረሱት ግድ የለም። የማትረሱት አንድ ነገር ይሁን፦ ባክቴሪያው ውኃው ውስጥ እየዋኘ አይኖርም፣ ስፖንጁና ቀለበቱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው።

እናታችን ሊጥ ስታቦካ ከበፊቱ እርሾ ታስቀር የለ? እርሾውን ሁሉ አጥባ ብትደፋው ሊጡ በማግሥቱ አይነሣም። ይህም እንዲሁ ነው። የእንጀራ እርሾ ግን በሁለት በሦስት ቀን ይመለሳል፤ ይህ ባክቴሪያ በጣም ዝግተኛ ነው። ሌላው ባክቴሪያ በግማሽ ሰዓት እጥፍ ሲሆን ይህ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አዲስ ማጣሪያ እስኪሠራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። እኔ በአንድ ቀን በበረኪና ያጠፋሁት የስድስት ሳምንት እርሾ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ፦ ስፖንጁን ከሳጥኑ በቀዳችሁት ውኃ ባልዲ ውስጥ ጭመቁት፣ በቃ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፣ ይገድላቸዋል። ፈላ ውኃ፣ ሳሙና፣ በረኪና ፈጽሞ አይነካውም። ሁለት ስፖንጅ ካለ ዛሬ አንዱን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላውን።

2ኛ. ታዲያ ፓምፑ ምን ያደርጋል?

ባክቴሪያው ከስፖንጁ ተነሥቶ መርዙን አይፈልግም፤ መርዙ እሱ ዘንድ መሄድ አለበት። የሚወስደው ፓምፑ ነው። ፓምፑ ሁለት ነገር ያደርሳል፦ ምግቡን (አሞኒያውን) እና አየሩን (ኦክስጅኑን)። ከአሞኒያው ውስጥ 1 ግራም ናይትሮጂን እስከ መጨረሻው ለመለወጥ ባክቴሪያው 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል። ብዙ ነው። ውኃው ከቆመ ይታፈናል።

አንዳንዱ ሰው «ውኃው ቀስ ብሎ ቢያልፍ ይሻላል፣ ባክቴሪያው ጊዜ ያገኛል» ይላል። እኔም መጀመሪያ እውነት መስሎኝ ነበር። በወፍጮ ቤት አስቡት። እህሉን በጣም በቀስታ ብታፈሱ እያንዳንዷ ፍሬ ትልማለች፣ ግን እስኪመሽ አንድ ቁና አትፈጩም። እዚህ ደግሞ በአንድ ዙር ያልተፈጨው ተመልሶ ይመጣል፣ ውኃው በቀን መቶ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በአንድ ዙር ምን ያህል ጸዳ ብላችሁ አትጠይቁ፤ በሰዓት በጠቅላላው ምን ያህል መርዝ ተበላ ብላችሁ ጠይቁ። ውኃው ሲፈጥን በአንድ ዙር የሚጸዳው ይቀንሳል፣ በሰዓት በጠቅላላው የሚበላው ግን ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ማለቂያ አለው። ወፍጮው አንድ ከሆነ እህል ብትቆልሉበት ከአቅሙ በላይ አይፈጭም። ስፖንጁ ትንሽ ከሆነ ፓምፑን ሦስት እጥፍ ብታደርጉት ባክቴሪያው አይበዛም። ያኔ የሚጨመረው ስፖንጅና ቀለበት ነው። ፓምፕ ብቻ በመቀየር ሁሉ ይስተካከላል የሚሏችሁን አትመኑ።

3ኛ. ሒሳቡ

መጀመሪያ ውኃው ስንት ሊትር እንደሆነ እወቁ። በሜትር ለኩ፦ ርዝመት በስፋት በውኃው ከፍታ፣ በሳንቲ ሜትር፤ ለ1,000 አካፍሉ። የኛ ቤት 100 × 40 × 45 = 180,000፤ ለ1,000 ሲካፈል 180 ሊትር። ጠጠሩና ድንጋዩ ቦታ ስለሚይዝ አንድ አሥረኛ ገደማ ቀንሱ። 160 ሊትር እንበል።

አሁን መርዙን እንቁጠር። በቀን 5 ግራም ምግብ እንሰጣለን። ቆርቆሮው ላይ ፕሮቲን 40 በመቶ ይላል፤ ስለዚህ 2 ግራም ፕሮቲን። ከፕሮቲን 16 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ 0.32 ግራም። ከዚህ የሚበዛው አሞኒያ ሆኖ ይወጣል፤ ለስሌት ያህል 60 በመቶ ብንወስድ 192 ሚሊግራም ይሆናል። ለ24 ሰዓት ሲካፈል በየሰዓቱ 8 ሚሊግራም። ማጣሪያው ባይኖር በአንድ ቀን ብቻ እያንዳንዱ ሊትር ውኃ 1.2 ሚሊግራም መርዝ ይይዛል። የኔ ዓሣዎች በሳምንት ለምን እንዳለቁ አሁን ገባችሁ?

ማጣሪያው በአንድ ዙር ከመርዙ አንድ አሥረኛውን ይበላል ብለን እናስብ። ቀመሩ ይህ ነው፦

በሰዓት የሚመጣው መርዝ = የፓምፑ ሊትር በሰዓት × ውኃው ውስጥ ያለው መርዝ × አንድ አሥረኛ

ፓምፑ በሰዓት 800 ሊትር ቢገፋ፣ የ800 አንድ አሥረኛ 80 ነው፤ 8 ለ80 ሲካፈል 0.1። ማለት ውኃው ውስጥ ሁልጊዜ 0.1 ሚሊግራም ገደማ ይቀራል። ፓምፑ 360 ብቻ ቢገፋ 8 ለ36፣ ማለት 0.22 ይቀራል። ከእጥፍ በላይ! (እውነቱ ትንሽ ይሻላል፣ ምክንያቱም ውኃው ሲዘገይ በአንድ ዙር ትንሽ የበለጠ ይበላል። ግን ያው ነው፣ ዘገምተኛው ይሸነፋል።)

ከዚህ የተነሣ ዓሣ አርቢዎች በልማድ የያዙት መለኪያ አለ፦ ጨው በሌለው ውኃ፣ ለተራ ትናንሽ ዓሣዎች፣ ፓምፑ የሳጥኑን ውኃ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ጊዜ ያዙረው። 160 × 5 = 800። ብዙ ለሚበላና ብዙ ለሚያቆሽሸው ወርቃማ ዓሣ ከ6 እስከ 8 ይወስዱታል። ክንፉ ረጅም ለሆነና በደንብ መዋኘት ለማይችል ዓሣ ከ2 እስከ 4 ይበቃል፣ በምትኩ ዓሣውን አሳንሱ፣ ስፖንጁን አብዙ። ይህ ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው።

«በሰዓት አምስት ጊዜ ለምን? አንዴ ቢዞር ሁሉም ውኃ ተጣርቶ የለ?» ትሉ ይሆናል። አልተጣራም። የተጣራው ውኃ ተመልሶ ካልተጣራው ጋር ይቀላቀላል። ባልዲ ሙሉ ቀይ ቀለም ያለው ውኃ ላይ ንጹሕ ውኃ እያፈሰሳችሁ በዳሩ ቢፈስ፣ አንድ ባልዲ ካፈሰሳችሁ በኋላ ቀለሙ ሁሉ አይወጣም። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ማጣሪያውን ያየው 63 በመቶው ነው፤ በሁለት ዙር 86፣ በሦስት ዙር 95 በመቶ።

4ኛ. ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና እውነተኛው ቁጥር

ዓሣዎቹ ከሞቱ በኋላ መዳም አዲስ ዓሣ ገዛች። እኔም ስፖንጁን አልነካሁትም፣ ሁለት ወር ጠበቅኩ። ግን በመመርመሪያው ጠብታ ስናየው አሞኒያው ከ0.25 አልወርድ አለ። ፓምፑ ላይ «1200 ሊትር በሰዓት» ይላል። በሒሳቤ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። ታዲያ ምን ሆነ?

በፓምፑ ጀርባ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ የሊትሩ ነው። ሌላው በሜትር የተጻፈ ነው፤ የኛ 1.6 ሜትር ይላል። ሊትሩ ማለት ውኃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚገፋው ነው። ሜትሩ ማለት ደግሞ ውኃው መውጣት የሚያቆምበት ከፍታ ነው። በ1.6 ሜትር ላይ የሚወጣው ዜሮ ነው! በኛ ቤት ፓምፑ ከታች ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ውኃውን ወደ ላይ 1.2 ሜትር ያወጣዋል። እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ሜዳ ላይ እንደምትሄደው አትፈጥንም፣ እንዲያ ማለት ነው። ቱቦው ከታጠፈ፣ ከጠበበ፣ ስፖንጁ ከተደፈነ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ስለዚህ ከካርቶኑ ይልቅ ባልዲውን እመኑ።

5ኛ. በባልዲና በሰዓት መለካት

- ፓምፑን ከሶኬት ንቀሉ። በደረቅ እጅ!
- ውኃ የሚመልሰውን ቱቦ ጫፍ ከሳጥኑ አውጥታችሁ 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ውስጥ አድርጉት። ባልዲው ቱቦው በነበረበት ከፍታ ላይ ይሁን፤ ወለል ላይ ካስቀመጣችሁት ውኃው በርትቶ ይወርድና ሒሳቡ ይዋሻል።
- ሌላ ሰው ይሰካላችሁ፣ እናንተ በስልክ ሰኮንዱን ቁጠሩ። ሲሞላ ይንቀል። ከታች ያለው ውኃ አልቆ ፓምፑ በደረቁ እንዳይሠራ ተጠንቀቁ።
- 36,000ን ለሰኮንዱ አካፍሉ። የሚወጣው ሊትር በሰዓት ነው።

ለማካፈል የሚቸግራት ይህንን ገልብጣ ትለጥፈው፦

30 ሰኮንድ — 1,200 ሊትር በሰዓት
36 ሰኮንድ — 1,000
45 ሰኮንድ — 800
60 ሰኮንድ — 600
90 ሰኮንድ — 400
120 ሰኮንድ — 300

የኛ ፓምፕ ባልዲውን የሞላው በ100 ሰኮንድ ነው። 36,000 ለ100፣ 360 ሊትር። 1200 ያለው ፓምፕ የሚሠራው 360 ነበር! ለ160 ሊትር ሲካፈል ሁለት ዙር ከሩብ ብቻ። ያንን ቀን ቁጥሩን በደብተር ጽፌ ለመዳም አሳየኋት። «ዓሣው ይሞታል» ብዬ ከምነዘንዝ ቁጥሩ ራሱ ተናገረልኝ።

6ኛ. ሲበዛስ?

ፓምፕ ሻጩ «ትልቁን ውሰዱ፣ ትገላገላላችሁ» ብሎ 4000 ሊትር የሚል ሰጠን። እንደሰካነው ዓሣዎቹ እንደ ቅጠል ተጠረጉ፣ አንዷ ትንሽ ዓሣ መውረጃው ላይ ተለጠፈች። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ላዩ ሳጥን ውኃውን ወደ ታች የሚያወርድበት ቱቦ አንድ ነው፣ ቀጭን ነው። ፓምፑ የሚያወጣው፣ ቱቦው ከሚያወርደው በለጠ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ውኃው በመስታወቱ ጠርዝ ፈስሶ ምንጣፉ ላይ ወረደ። ምንጣፉ ላይ ደግሞ የማከፋፈያ ሶኬቱ ነበር። ውኃው አንድ ጋት ሲቀረው ነው ያየሁት። እህቶቼ፣ ያን ጊዜ ውኃውን ለመጥረግ በባዶ እግሬ ብገባ ኖሮ ይህንን ባልጻፍኩላችሁ ይሆናል። ፈጣሪ ረድቶኝ መጀመሪያ የቤቱን ቆጣሪ ላጥፋ የሚል ሐሳብ መጣልኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የሚወርደው ቱቦ በሰዓት ከሚችለው በላይ የሚገፋ ፓምፕ አይገባም። ሁለተኛ፣ ፓምፑ ሲቆም ከላይ ያለው ውኃ ከፊሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ታችኛው ሳጥን ሁልጊዜ ባዶ ቦታ ይኑረው። ይኖረው እንደሆነ ለማወቅ ቆማችሁ እያያችሁ ሆን ብላችሁ ንቀሉትና ውኃው የት ድረስ እንደሚመጣ ምልክት አድርጉ።

በመጨረሻ የተስማማን 2500 ሊትርና 2.5 ሜትር የሚል ነው። በ1.2 ሜትር ከፍታ ከግማሽ በታች ይሠራል። መቆጣጠሪያ ቡሎኑን ትንሽ ዘግተን በባልዲ ለካን፦ 45 ሰኮንድ። 800! መመለሻውን ወደ መስታወቱ አዙረን ኃይሉን ሰበርነው፣ መምጠጫው ላይ ስፖንጅ አለበስነው። በሦስተኛው ሳምንት የመመርመሪያው ቀለም ወደ ቢጫ፣ ወደ ዜሮው ተጠጋ። ከዚያ ወዲህ የሞተው አንድ ዓሣ ነው፣ እሱም ያረጀ።

7ኛ. ስለ እጃችን

ዓሣ ይተካል፣ እኛ አንተካም። እነዚህን አራቱን በቃላችሁ ያዙ፦

- ሁሉንም ነገር ሳትነቅሉ፣ ማሞቂያውንም ፓምፑንም፣ እጃችሁን ውኃ ውስጥ አታስገቡ። መዳም «ፍጠኚ» ብትልም ንቀሉ።
- ገመዱ ወደ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ። በገመዱ የሚንሸራተት ውኃ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።
- የማከፋፈያ ሶኬት ወለል ላይ አይቀመጥም። ግድግዳ ላይ ይሰቀል።
- ፓምፑ ከነዘራችሁ ወይም ገመዱ ከተላጠ ያ ፓምፕ አለቀ። በፕላስተር አይጠገንም። ለቤቱ ባለቤት ተናገሩ፣ እስኪቀየር አትንኩት።

በአሮጌ ቤቶች 127 እና 220 ቮልት ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ፓምፑ ላይ የተጻፈውን ሳታዩ አትሰኩ።

8ኛ. መብራት ሲጠፋና ሙቀት ሲመጣ

ለ8 ሚሊግራም መርዝ ባክቴሪያው በሰዓት 37 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋል ማለት ነው። በማጣሪያው ሳጥን ውስጥ 10 ሊትር ውኃ ቢኖርና በሊትር 7.5 ሚሊግራም ኦክስጅን ቢይዝ፣ በጠቅላላው 75 ነው። ፓምፑ ከቆመ ሁለት ሰዓት ብቻ! ቆሻሻውን የሚበሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች ስለሚሻሙት እንዲያውም ከዚያ ያነሰ። ስለዚህ «ድምፁ ያስቸግራል» ተብሎ ፓምፕ ማታ ማታ አይጠፋም። ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ በማጣሪያው ውስጥ የተኛውን ውኃ ድፉት፣ ስፖንጁን በሳጥኑ ውኃ ጭመቁት፣ ከዚያ አስነሡት።

ሙቀትም አለ። ጨው የሌለው ውኃ በ25 ዲግሪ 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ 7.5፣ በ35 ዲግሪ 7 ገደማ። ቤተሰቡ በበጋ ለዕረፍት ሄዶ ኤሲ ሲጠፋ ሳሎኑ ምድጃ ይሆናል። በዚያ ላይ ውኃው ሲሞቅ አሞኒያው ራሱ የበለጠ መርዛማ ይሆናል። ያኔ ምግብ ቀንሱ፣ የመመለሻውን ቱቦ ውኃው ላይ እየረጨ አየር እንዲይዝ አድርጉት።

ሌላው ውኃው ራሱ ነው። የደማምና የኾበር ውኃ አብዛኛው ከባሕር ተጣርቶ ጨዉ የወጣለት ነው። ባክቴሪያው ሲሠራ በውኃው ውስጥ ያለውን የኖራ ድንጋይ ዓይነት ነገር ይበላል፤ በኛ ስሌት በቀን 1.4 ግራም ገደማ። ካልተተካ ውኃው እየኮመጠጠ ይሄድና ባክቴሪያው ሥራ ያቆማል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሩቡን ውኃ ቀይሩ፤ ከመጨመራችሁ በፊት ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ አድርጉበት።

9ኛ. አገር ቤት ለምታስቡ

ከመካከላችን ገንዘብ አጠራቅማ ዓሣ ለማርባት የምታስብ አትጠፋም። ቆሮሶና አምባዛ ገበያ አላቸው፤ ሰበታ ላይም የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ ሄዶ መጠየቅ ነው። ከዚህ ፓምፕ ይዤ እገባለሁ ለምትል ግን ሁለት ነገር ልንገራት። እዚህ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፣ እኛ ጋ 50። ተራው ፓምፕ በዚያው ልክ ስለሚዘገይ 1200 የነበረው 1000 ይሆናል፣ የሚያወጣበት ከፍታም በሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። እዚህ በባሕሩ ዳር በ20 ዲግሪ 9 ሚሊግራም የሚይዝ ውኃ እዚያ 7 እንኳ አይሞላም። ብርዱ ቢረዳም ውኃው እዚህ ደማም በ35 ዲግሪ እንዳለ ሳጥን ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሒሳቡን እንደገና መሥራት ነው እንጂ እዚህ ሠርቶልኛል ብሎ መሄድ አይሆንም።

መልመጃ

1. ሳጥኑ 80 × 35 × 40 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይይዛል። አንድ አሥረኛ ቀንሳችሁ በሰዓት 5 ዙር እንዲዞር ፓምፑ በእውነት ስንት ሊትር ይግፋ?
2. ፓምፑ 10 ሊትር ባልዲ በ72 ሰኮንድ ቢሞላ ለዚህ ሳጥን ይበቃል?
3. ከሁለት ወር በኋላ ያው ፓምፕ 95 ሰኮንድ ቢፈጅ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?

መልስ፦ (1) 112 ሊትር፣ ሲቀነስ 100 ገደማ፤ ስለዚህ 500 ሊትር በሰዓት። (2) 36,000 ለ72፣ 500 ነው፤ በልኩ ይበቃል። (3) አዲስ ፓምፕ ከማስገዛታችሁ በፊት ስፖንጁ ተደፍኖ እንደሆነ፣ ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ፣ የፓምፑ ተሽከርካሪ ፀጉርና ቆሻሻ ይዞ እንደሆነ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

እህቶቼ፣ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰኮንዱን፣ የአሞኒያውን ቀለም፣ የቀየራችሁትን ውኃ ጻፉ። ዓሣ በሞተ ቁጥር የሚጠየቀው የነካው ሰው ነው፤ የጻፈ ሰው ግን የሚያሳየው አለው። እኔ 150 ሪያሌ አልተመለሰልኝም። ደብተር ከያዝኩ ወዲህ ግን ስለ ዓሣ ደመወዜ ተነክቶ አያውቅም። እንዲያውም ባለፈው ወር የመዳም እህት ፓምፕ ልትገዛ ስትል «መጀመሪያ እሷን ጠይቋት» ተባለ።

ይህንን ገጽ ላልደረሳት እህት ኮፒ አድርጋችሁ ስጡ። ጥያቄ ያላት በሚቀጥለው ስንገናኝ ታንሣው። ቸር እንሰንብት።